ውሃ ይሻገራል የተባለው ባለሦስት ጎማና የሻጩ ቃል

ሰኔ ሲቃረብ ባለሦስት ጎማ የጭነት ሞተር ወደሚሸጥበት መደብር የሚመጣ የገጠር ገዥ ስለ ዋጋውና ስለ መለዋወጫው ከመጠየቁ አስቀድሞ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ውሃ ይሻገራል ወይ?» የሚል ነው። ከሻጩ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቃል አያልፍም፤ «ይሻገራል» ይባላል። ገዥውም ይህን ቃል ይዞ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ከፍሎ፣ ድልድይ ወደሌለበት ቀበሌው ይመለሳል።

ቃሉ ለሻጩ ቀላል ነው፤ ለገዥው ግን የኑሮው መሠረት ነው። ባለሦስት ጎማ የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለሀብት አይደለም። ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ፣ ወይም አባቱ በሬ ሸጦለት፣ ወይም ሁለትና ሦስት ወንድማማቾች ያጠራቀሙትን አዋጥተው የሚገዙት ነው። እንግዲህ ሞተሩ በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ገብቶበት ቢሰበር፣ ሥራው ሲቆም ዕዳው ግን አይቆምም። የሚያሳዝነው ደግሞ ለዚህ ሁሉ ጉዳት ምክንያት የሚሆነው የማሽኑ ክፋት አለመሆኑ ነው። የጎደለው ጥቂት ሜትር የጎማ ቱቦ፣ በጣት የሚቀባ ትክክለኛ ግራሶ፣ ከዚያም ጋር እስከ ምን ድረስ እንደሚሻገር የሚናገር እውነተኛ ምክር ነው። ሦስቱም ከመደብሩ መደርደሪያ ሊገኙ የሚገባቸው ነገሮች ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው መናገር ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ ያለው የክረምት ውሃ አንድ ዓይነት አይደለምና። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውሃው በሩዝ ማሳውና በመንገዱ ላይ ተንጣሎ ይውላል። በጋምቤላም ባሮ ከዳርቻው ሲወጣ እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ዝግ ያለ ነው፤ ጥልቀቱን በበትር መለካት ይቻላል፤ ጭቃውና ጥልቀቱ እንጂ ግፊቱ ብዙ አያስፈራም። ሌላው ውሃ ግን ደራሽ ነው። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት በድሬዳዋ ከተማ በደጫቱ አሸዋማ ወንዝ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቀን ሲታይ የአሸዋ ሜዳ የነበረው ስፍራ በአንድ ሌሊት ቤትና ንብረት ጠርጎ የሚወስድ ውሃ ሆኖ ነበር። «ውሃ ይሻገራል» የሚለው ቃል እነዚህን ሁለት ውሃዎች ሳይለይ ሲነገር፣ ለፎገራው ገዥ በከፊል እውነት የሆነው፣ ለደረቅ ወንዝ ዳር ነዋሪው የሞት ምክር ሊሆን ይችላል።

ዝግ ያለውን ውሃ በሚመለከት፣ ማሽኑን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ነገር ውድም አስቸጋሪም አይደለም። ሆኖም ምክንያቱን ያልተረዳ ሻጭ ዕቃውን ለይቶ ሊያቀርብ ስለማይችል፣ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ፣ የሳበውን አየር ከነዳጅ ጋር አምቆ በማቃጠል ነው። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። የአንድ ሲሊንደር የ200 ሲሲ ሞተር ለምሳሌ ይወሰድ። ፒስቶኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲያበቃ ከበላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ፣ የማመቂያው መጠን 9 ለ 1 ቢሆን፣ 25 ሲሲ ብቻ ነው። ይህም አንዲት የቡና ሲኒ እስከ ግማሿ የማይሞላ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ውሃ በአየር መሳቢያው በኩል ቢገባ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲሄድ መንገድ ያጣል፤ ሞተሩም በፍጥነት እየዞረ ከሆነ የሚታጠፈው ቢዬላው ነው። ነጂው የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። የአንድ ዓመት ገቢ በግማሽ ሲኒ ውሃ ይጠፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአየር መሳቢያውን ከፍ ማድረግ ነው። በብዙዎቹ የጭነት ባለሦስት ጎማዎች ላይ ፊልትሮው ከመቀመጫው በታች ይገኛል፤ አፉም ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የተከፈተ ነው። ከዚህ አፍ ላይ ጠንካራ ቱቦ ቀጥሎ ከነጂው መቀመጫ በላይ ማውጣት፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በፋሼታ ማጥበቅ፣ የላይኛውንም አፍ ዝናብ እንዳይገባበት ማጠፍ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቱቦውን እስከ ራሱ ከፍታ አውጥቶ ከታች ያለውን የፊልትሮ ሳጥን ክዳን ሳይደፍን ሲቀር ነው። የቱቦው ቁመት ዋጋ የሚኖረው ከታች ቀዳዳ ከሌለ ብቻ ነው፤ ውሃ የሚገባው ከፍ ካለው አፍ ሳይሆን ዝቅ ካለው ስንጥቅ ነው። ቱቦውም ከመሳቢያው አፍ የጠበበ ሊሆን አይገባም፤ ቢጠብ ሞተሩ ይታፈናል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጉልበትም ያጣል። ለዚህ የሚሆን ቱቦ በትክክለኛው ስፋት ከፋሼታው ጋር ተቆርጦ በአንድ ከረጢት ቢሸጥ፣ ገዥው ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የቧንቧ ፕላስቲክ ገዝቶ በገመድ ከማሰር ይድን ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙዎችን ውሃ መካከል ያስቆመ ነው። ካርቡራተሩ ከጎኑ ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ገዥዎች፣ አንዳንድ ጊዜም መካኒኮች፣ ትርፍ ነዳጅ ማፍሰሻ ብቻ ይመስሏቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ግን የካርቡራተሩ ሳህን የሚተነፍስበት ነው። የዚህ ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ትንፋሹ ይዘጋል፤ ነዳጁም እንደሚገባ መውረዱን ያቆማል፤ ሞተሩ ጠብታ ውሃ ሳይገባው ይጠፋል። መድኃኒቱ ቱቦውን በረዘመ ቱቦ ተክቶ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው በታች ወደ ላይ ማሰር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቱቦ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ የሚፈጀውም ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት አይረዝምም።

እንዲህ ያለ መተንፈሻ በኋለኛው ዲፈረንሻል ላይም አለ። ማሽኑ ጭኖ ሲሄድ ከቆየ በኋላ የዲፈረንሻሉ ቤት ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። ከ80 ዲግሪ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ውሃ በድንገት ሲገባ ያ አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይኮማተራል፤ ባዶ የሆነውን ቦታ ለመሙላትም ከመተንፈሻው፣ መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኖ ከሆነም ከፓራኦሊው ሥር ውሃ ይስባል። ነጂው በዚያ ቀን ምንም አያውቅም። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ግን ጥርሱ ይበላል፤ ኩሽኔታው ይጮኻል፤ ዘይቱም ሲከፈት ወተት እንደገባበት ቡና ነጥቶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ገዥው የሚረግመው ማሽኑን ያስመጣውን ነጋዴ ነው። መተንፈሻውን በቱቦ እስከ መቀመጫው ሥር ማውጣት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ባለሱቆችን ይበልጥ የሚመለከት ነው፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ከመደርደሪያው ነውና። የካንዴላው ክዳን፣ ቦቢናውና የሽቦ መጋጠሚያዎቹ ውሃ እንዳይገባባቸው ግራሶ ይቀባሉ። ነገር ግን ገዥው «ግራሶ» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው ለጎማ ኩሽኔታ የሚውለው ተራ ግራሶ ነው። ይህ ከድፍድፍ ዘይት የተሠራ እንደ መሆኑ መጠን የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፤ ያለሰልሳልም። በሰኔ የተቀባው የካንዴላ ክዳን በመስከረም ተልፈስፍሶ ይገኛል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ከሲሊኮን የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ግራሶ ነው። አንዲት ትንሽ ቱቦ ለአንድ ማሽን ለረጅም ጊዜ ትበቃለች።

ከዚህ የከፋው የማሸጊያ ሲሊኮን ነገር ነው። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ሲከፈት ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ዓይነት፣ በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ያወጣል። ይህን በመዳብ ሽቦ መጋጠሚያ ላይ የሚያፈስ ሰው ውሃን የከለከለ እየመሰለው ዝገትን አብሮ ያሽጋል። ሽታ የሌለው፣ በንግድ ቋንቋ ገለልተኛ የሚባለው ሲሊኮን በዋጋ ጥቂት ይበልጣል፤ መዳብን ግን አይጎዳም። ሁለቱ በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መልካቸው አንድ ነው። ልዩነቱን ለገዥው መንገር የባለሱቁ ሥራ ነው፤ ይህን የማይናገር ባለሱቅ ከመጋዘን ጠባቂ በምን ይለያል?

ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ኩሽኔታ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ውሃ የገባበት ፍሬን ወዲያው አይዝም፤ ከወንዝ እንደወጡ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን ደጋግሞ በመያዝ ማድረቅ ይገባል። ኩሽኔታዎቹም በክረምት ጊዜ ከበጋ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ተፈተው ግራሶ ሊታደስላቸው ይገባል። ማርሚታው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚወጣው ጢስ ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሞተሩ ውሃ መካከል ቢጠፋ ግን ውሃው በማርሚታው ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የነጂው የመጀመሪያ ፍላጎት መልሶ ማስነሳት ነው፤ ቢዬላ የሚሰብረውም ይህ ፍላጎት ነው። ትክክለኛው ነገር ማሽኑን ገፍቶ ማውጣት፣ ካንዴላውን መፍታት፣ በእግር እየመቱ ውሃውን በካንዴላው ቀዳዳ ማስወጣት፣ ዘይቱንም መርምሮ የነጣ ከሆነ መለወጥ ነው። ይህ ምክር በአማርኛ ታትሞ ከመቀመጫው ሥር ቢለጠፍ ስንት ሞተር ያድን እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ግን፣ ከናካቴው ከመጣ፣ ገዥው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ዕቃ በመሸጥ የሚፈጸም ነው። የሚቀረው በቃል የሚፈጸመው ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። ሞተሩን ከውሃ የሚጠብቅ መሣሪያ የተገጠመለት ማሽን ለነጂው ድፍረት ይሰጣል። ድፍረቱ ከመሣሪያው አቅም ሲያልፍ ደግሞ የሚጠፋው ሞተር ብቻ አይሆንም።

ለዚህ የአሜሪካ ገበያ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. መንገድ በሌለበት የሚሄድ አንድ ሰው የሚነዳው ባለሦስት ጎማ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ሞተሩ 89 ሲሲ፣ ዋጋውም 595 ዶላር ነበር። ጎማዎቹ እንደ ፊኛ የተነፉ፣ 22 ኢንች ቁመት ያላቸው፣ በጣም ዝቅተኛ አየር የሚይዙ ስለነበሩ በአሸዋና በረግረግ ላይ ይንሸራሸር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ዕቃ መጫኛ ያለው ለገበሬ ሥራ የሚውል ዓይነት ወጣ። ገበሬዎችና አዳኞች በየረግረጉና በየወንዙ ነዱት፤ የአየር መሳቢያውንም በየቤታቸው እያራዘሙ ጥልቅ ውሃ ያቋርጡበት ጀመር። እዚህ ላይ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። እንደዚያ ያለ አንድ ጎማ 11 ኢንች ስፋት ሲኖረው ወደ 60 ሊትር የሚጠጋ አየር ይይዛል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 180 ሊትር ይሆናሉ። የመጀመሪያው ማሽን ራሱ ከ100 ኪሎ ግራም በታች ስለነበረ፣ ውሃው ጥልቅ ሲሆን ጎማዎቹ መሬት ይለቃሉ። የተንሳፈፈ ባለሦስት ጎማ መሪም ፍሬንም የለውም፤ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነም ወደ ጎን መገልበጥ ይቀናዋል። አየር መሳቢያውን ምንም ያህል ቢያረዝሙት ይህን አይከለክልም።

የዚያ ማሽን ገበያ በመጨረሻ ተዘጋ። ምክንያቱ ውሃ አልነበረም፤ ሲታጠፍ መገልበጡና ሕፃናት ሳይቀሩ ያለ ሥልጠና እየነዱት ብዙ ሰው መሞቱና መቁሰሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ጋር ተስማምተው አዲስ ባለሦስት ጎማ መሸጥ አቆሙ፤ ስምምነቱም በ1988 በፍርድ ቤት ጸደቀ። በስምምነቱ ውስጥ ለገዥዎች ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥና ሥልጠና እንዲቀርብላቸው የሚያዝዝ ቃል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ ባለሦስት ጎማ ወደ አገሩ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከለከለ። ለነጋዴ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ማስጠንቀቂያውና ሥልጠናው በ1970 ከመጀመሪያው ሽያጭ ጋር ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ በ1988 በፍርድ ቤት ትእዛዝ መምጣት ባላስፈለገውም ነበር። ገበያውም ምናልባት ባልተዘጋ ነበር።

በኢትዮጵያ የሚሸጠው የጭነት ባለሦስት ጎማ ከዚያ የከበደ፣ ጎማውም የቀጠነ ስለሆነ እንደ ፊኛ አይንሳፈፍም። የሚያሰጋው የወራጅ ውሃ ግፊት ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚወርድ ውሃ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ የማሽን ጎን ላይ ሲያርፍ፣ ግፊቱ ከ100 ኪሎ ግራም ሸክም አያንስም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈጣን ጎርፍ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ትንሽ አውቶሞቢል ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። አውቶሞቢልን የሚወስድ ውሃ ጤፍ የጫነ ባለሦስት ጎማን አይምርም።

እንግዲህ ሻጩ «ይሻገራል» በማለት ፈንታ ምን ይበል? የሚናገረው በቁጥር ይሁን። ምንም ያልተጨመረበት ማሽን ከጎማው መካከለኛ ዘንግ በላይ ባለ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። በከተማ ታክሲነት የሚያገለግለው ባጃጅ በ8 ኢንች ቸርኬው ላይ ሲቆም ይህ ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባለ 12 ኢንች ቸርኬው የጭነት ባለሦስት ጎማም ቢሆን ከ30 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ቱቦዎቹ የወጡለትና መጋጠሚያዎቹ የተቀቡለት ማሽን ዝግ ባለ ውሃ ከዚህ ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል፤ በወራጅ ውሃ ግን መለኪያው አይለወጥም፤ ቱቦ ሞተርን እንጂ ሚዛንን አይጠብቅምና። ይህ ልክ በፊተኛው ሹካ ላይ በቀይ ቀለም ቢሰመር፣ ማንበብ የማይችል ነጂ እንኳ ወንዙ ዳር ቆሞ ያየዋል። አንድ ቆርቆሮ ቀለም የመጋዘን ሙሉ ማሽን ያሰምራል።

ቃልን በሚመለከት ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የተሸጠው ዕቃ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ «ውሃ ይሻገራል» ብሎ የሸጠ ባለሱቅ፣ ማሽኑ ሳይሻገር ሲቀር «ያልሁት ዝናብን ነው» ብሎ ለማምለጥ ይቸገራል። ዝናብን የሚችል ዕቃ ሌላ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሌላ ነው። ብዙ ክርክር የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ቃላት መደባለቅ ነው።

ከአስመጪዎች በኩል የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። የውጭ ምንዛሪ በጭንቅ በሚገኝበት ጊዜ፣ ለቱቦና ለግራሶ ብሎ ተጨማሪ መክፈል የማሽኖቹን ቁጥር ይቀንሳል ይላሉ። አነጋገሩ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ቱቦና ፋሼታ ከማሽኑ ጋር በአንድ ሣጥን የሚመጡ፣ ከጠቅላላው ዋጋ ጋር ሲተያዩ እዚህ ግባ የማይባሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአገር ውስጥ ገበያ በብር ሊገዙ ይችላሉ። ቢዬላ፣ ፒስቶንና የዲፈረንሻል ጥርስ ግን በምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። አስመጪው በመጀመሪያ የቆጠበውን ገንዘብ በመለዋወጫ መልክ መልሶ ያወጣዋል፤ በዋስትናው ዘመን ውስጥ ከሆነም ከራሱ ኪስ ያወጣዋል። መለዋወጫ መሸጥም ትርፍ አለው የሚል ቢኖር፣ ዕዳ ውስጥ የገባ ገዥ መለዋወጫ እንደማይገዛ፣ ሁለተኛም ማሽን እንደማይገዛ፣ ጎረቤቱንም ከመግዛት እንደሚያስቀረው ያስብ። በገጠር ገበያ ወሬ ከጋዜጣ ማስታወቂያ ይቀድማል።

ላኪዎች ይህ ነገር እነርሱን የማይነካ ከመሰላቸው ጥቂት ይጠብቁ። ቡናውም፣ ቦሎቄውም፣ ሰሊጡም ከገበሬው ደጅ እስከ መሰብሰቢያው መጋዘን ድረስ ባለው የመጀመሪያ መንገድ በብዙ ቦታ የሚጓጓዘው በእነዚህ ማሽኖች ነው። ወንዝ መካከል የቆመ ባለሦስት ጎማ ከሥሩ የረጠበ ጆንያ ይዞ ይወጣል። የረጠበው ጆንያ ከደረቁ ጋር ተደባልቆ መጋዘን ሲገባ ሻጋታው የሚታየው ከጊዜ በኋላ ነው፤ ዕቃው ወደብ ደርሶ ሲመረመር ማለት ነው። የመጫኛው ወለል ከጎማው ዘንግ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ጆንያው ከሥሩ እንጨት እንዲነጠፍለት መጠየቅ ለላኪው ወኪል ከባድ ሥራ አይደለም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባለሦስት ጎማዎች እየበዙ መምጣታቸው ደግሞ ጉዳዩን በሌላ መልክ ያቀርበዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ የነጋዴው ዓይን ወደ ባትሪ ተሽከርካሪዎች በአጠቃላይ ዞሯል። እነዚህ አየር አይስቡም፤ ማርሚታም የላቸውም፤ ስለዚህ ግማሽ ሲኒ ውሃ ቢዬላቸውን አያጥፍም፤ ቢዬላ የላቸውምና። ነገር ግን ባትሪው፣ የኃይል መቆጣጠሪያውና የሽቦ መጋጠሚያዎቹ ውሃን ይፈራሉ። ሻጮች በዚህ ላይ «አይፒ 67» የሚል ጽሕፈት እያሳዩ ማሽኑ ውሃ አይገባውም ሲሉ ይሰማል። ይህ ምልክት የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መለኪያ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር 6 አቧራ ፈጽሞ እንደማያስገባ፣ ሁለተኛው ቁጥር 7 ደግሞ ዕቃው አንድ ሜትር በሚያህል ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢጠልቅ ጉዳት የሚያደርስ ውሃ እንደማይገባው ያመለክታል። ሁለተኛው ቁጥር 5 ከሆነ የሚያመለክተው ከቱቦ የሚረጭ ውሃን መቻሉን ብቻ ነው፤ መጥለቅን አይደለም። ከዚህም በላይ ፈተናው የሚደረገው በአዲስ ዕቃና በረጋ ንጹሕ ውሃ ነው። ሁለት ዓመት በኮረኮንች መንገድ የተናጠ የባትሪ ሣጥን መዝጊያው እንደ አዲሱ አይሆንም። ምልክቱም የተሰጠው ለባትሪው ብቻ ወይም ለሞተሩ ብቻ ሆኖ፣ የመጋጠሚያ ሽቦዎቹን የማይጨምርበት ጊዜ አለ። አስመጪው ከፋብሪካው ጋር ሲዋዋል ይህ ቁጥር ለየትኛው ክፍል እንደተሰጠ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል፤ ያን ጽሑፍ ሳይዝ በመደብሩ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይገባውም።

የጊዜው ነገርም አለ። ክረምቱ ከሰኔ ይገባል፤ ከፋብሪካ የታዘዘ ዕቃ ደግሞ በባሕር ተጉዞ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ ደረቅ ወደብ ደርሶ እስኪወጣ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ለመጪው ክረምት የሚሸጡት ማሽኖች የሚታዘዙት በበጋው መካከል ነው፤ የትእዛዙ ዝርዝር ሲጻፍ ከማሽኖቹ ቁጥር ሥር የአየር መሳቢያ ማራዘሚያው፣ የመተንፈሻ ቱቦዎቹ፣ የሲሊኮን ግራሶውና ሽታ የሌለው ማሸጊያ በዚያው ቁጥር ልክ ሊጻፉ ይችላሉ። በአማርኛ፣ እንደ አገሩም በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የሚታተመው የመቀመጫ ሥር ማስጠንቀቂያ ግን መርከብ አያስፈልገውም፤ በአንድ ሳምንት ከማተሚያ ቤት የሚወጣ ነው።